የሁምቦው ዜሮ

እኔ ሰማይ አይቼ እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሶዶ ውስጥ በአንድ የአየር ሁኔታ መመዝገቢያ ጣቢያ ሠርቻለሁ። ሥራዬ በየሦስት ሰዓቱ ከቢሮ ወጥቶ ቀና ማለት፣ ሰማዩን በሐሳብ ስምንት ቦታ መክፈልና ከስምንቱ ስንቱን ደመና እንደያዘው መጻፍ ነበር። ጥርት ካለ ዜሮ፣ ድፍን ካለ ስምንት። ለማያውቀው ሰው ቀልድ ይመስላል። ባለቤቴ ወርቅነሽ ራሷ በተጋባን ሰሞን «ደመና ቆጥሮ መብላትም አለ እንዴ?» ብላ ስቃብኛለች።

እኔ ግን እኮራበት ነበር። ጠዋት ዳሞታ ተራራ አናት ላይ የተቀመጠውን ደመና አይቼ ከሰዓት ይዘንባል አይዘንብም ስል ሰፈሩ ልብሱን የሚያሰጣው በእኔ ቃል ነበር። በኋላ ዩኒቨርሲቲው የቤተ ሙከራ ባለሙያ አድርጎ ወሰደኝ። ትምህርቴ ዲፕሎማ ነው። ይህን የምጠቅሰው ነገሩ ሁሉ ከዚህ ስለሚነሳ ነው።

ምህረትን ያወቅኳት ገና ጣቢያው እያለሁ ነው። ዱቦ በምትባል መንደር ያደገች ልጅ ናት። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሆና ለተግባር ልምምድ ወደ እኔ ተላከች፤ ቀጭን፣ ጥያቄ የምታበዛ፣ ደብተሯን ከእጇ የማትለይ። የደመናን ዓይነት አንድ በአንድ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አንድ ደንብም አስተምሬያታለሁ፤ የፀሐይ መለኪያ የያዘ ሰው ስለ ሰማዩ አይፈርድም። ፀሐይን ሲያነጣጥር የቆየ ዓይን ለጊዜው ይታወራል። ስለዚህ አንዱ ይለካል፣ ሌላው ሰማዩን ያያል። ለሚያየው ሰው ደግሞ ጥቁሯ መስታወቴ አለች። መጠኗ የደብተር ያህል ነው፤ ጀርባዋን ጥቁር ቀለም የቀባሁት ራሴ ነኝ። ቀና ከማለት ይልቅ አጎንብሰህ እሷ ውስጥ ስታይ ፀሐይ ዓይንህን ሳትወጋህ ዙሪያዋ ያለው ስስ ደመና ሁሉ ይታይሃል። ምህረት ያን ጊዜ መስታወቷን እንደ ታቦት በሁለት እጇ ነበር የምትይዛት።

ዓመታት አለፉና ከአዲስ አበባ ሁለተኛ ዲግሪዋን ይዛ መጣች፤ እኔ ባለሙያ በሆንኩበት ክፍል መምህርት ሆና። የምታጠናው ደመናንና አየር ላይ የሚንሳፈፈውን ጢስና አቧራ ነው፤ በሳተላይት ካሜራ በተነሳ ምስል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከታች ወደ ላይ ያየሁትን እሷ ከላይ ወደ ታች፣ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች።

ቀናሁ። አላሽሞነሙነውም። ዳሞታን የሚያሳየው መስኮት ያለበት ክፍል ለእሷ ሲሰጥ ቀናሁ። ስለ ደመና ሊጠይቁኝ ይመጡ የነበሩ ተማሪዎች የእሷ በር ላይ ሲሰለፉ ቀናሁ። «ጋሼ ጴጥሮስ» ብላ በአክብሮት ስትጠራኝ እንኳ ያንገበግበኝ ነበር፤ ብትንቀኝ ይሻለኝ ነበር መሰለኝ፣ ቢያንስ ምክንያት ይኖረኛል። ስትሳሳት ለማየት ዓይኔ ተተክሎ ዋለ፤ አልሳሳት አለች።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። የካቲት ነው። ሁምቦ ቆላው ውስጥ ገበሬው ለበልግ ማሳውን ሲያጸዳ ያቃጥላል፤ ጢሱ እስከ አባያ ሐይቅ ድረስ ይተኛል። ሳተላይቱ ምስል ሲልክ ደመና ነው ብሎ የጠረጠረውን ቦታ በግራጫ ሸፍኖ ይልካል፤ ደመና ካለ ጢሱን መለካት አይቻልምና። የምህረት ጥያቄ ታዲያ ይህ ነበር፤ ሳተላይቱ የሁምቦን ወፍራም ጢስ በስሕተት ደመና እያለ እየጣለው ይሆን? ይህን ማረጋገጥ የሚችለው በዚያው ደቂቃ መሬት ላይ ቆሞ ሰማዩን ያየ ሰው ብቻ ነው።

ሌሎቹን ቀናት ከተማሪዎች ጋር ነበር የሄደችው። አንድ ቀን ግን እኔን ይዛኝ ሄደች። የክፍላችንን አሮጌ ፒክአፕ የነዳሁት እኔ ነኝ። መለኪያውን የምንዘረጋው አቶ ዳና የሚባል ገበሬ ግቢ ውስጥ ነበር። ሳተላይቱ የሚያልፈው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ስለሆነ አቶ ዳና ቀደም ብሎ ምሳ አቀረበ፤ ቦዬ የሚባለው ሥራሥር ተቀቅሎ፣ ከጎኑ ዳጣ።

«ሳሮ ሳሮ! ዶክተር ወዲህ ይምጣ፣ ይሄ ወንበር ይሻለዋል» አላት ምህረትን፣ በወላይትኛ ሰላምታ ጀምሮ። አማርኛው እንደ ብዙዎቻችን ወንድና ሴት አይለይም። ሦስታችንም ወላይትኛ አፋችንን የፈታንበት ሆኖ ሳለ «ዶክተር» የተባለ ሰው ካለ አማርኛ ይመጣል። እሷ ዶክተር አይደለችም፤ ስቃ ተቀመጠች። ወዲያው ስልኳ ጮኸና ተነስታ ወደ አጥሩ ሄደች።

አቶ ዳና ወደ እኔ ዞረ። «ሾፌሩም ይብላ እንጂ፣ አይፈር።»

ምን እንደሆንኩ ልነግራችሁ አልችልም። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ መሪ ጨብጬ ስመጣ ነው ያየኝ። ነገር ግን የያዝኩትን ቦዬ መልሼ አስቀመጥኩት። ምህረት ከስልኳ ስትመለስ ፊቷ በርቷል።

«ጋሼ፣ ከአዲስ አበባ ነው። ዶክተሩ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ሊመጣ ነው፤ ሥራችንን ሊያይ።»

ዶክተሩ ማን እንደሆነ አውቃለሁ። በደቡብ በኩል አንድ ቋሚ የጢስና የአቧራ መለኪያ የሚተከልበትን ከተማ የሚመርጠው እሱ ነው። ሶዶ ላይ ከተተከለ ምህረት ኃላፊ ትሆናለች፤ ሦስተኛ ዲግሪዋንም በዚያው ትሠራለች። «ሥራችንን» አለች፤ እኔ የሰማሁት «ሥራዬን» ነው።

ደመናውን ልይ ብዬ ተነሳሁና መኪናው ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። የፀሐይ መከለያውን አወረድኩ። ደብተሩ ጭኔ ላይ፣ ጥቁሯ መስታወት በጨርቋ እንደተጠቀለለች ከጎኔ። ምህረት ግቢው መሐል ቆማ፣ አየሩ ምን ያህል የፀሐይ ብርሃን እንደሚከልል በቁጥር የሚያሳየውን መለኪያ ፀሐይ ላይ አነጣጠረች። ጀርባዋን ነበር የማየው። ያቺን ጀርባ እያየሁ፣ ሾፌር፣ ሾፌር እያልኩ ለራሴ እደጋግማለሁ።

«ጋሼ፣ ደረሰ! ደመና ስንት ነው?»

ከመኪናው መውረድ ነበረብኝ። አንገቴን በመስኮት ማውጣት እንኳ በቂ ነበር።

«ዜሮ» አልኳት። ደብተሩ ላይም ዜሮ ብዬ ጻፍኩ።

እየሮጠች መጣች። «እስከ ዛሬ ከለካነው ሁሉ ትልቁ ቁጥር ነው! ሰማዩ ጥርት ብሎ ይህን ያህል ከሆነ፣ ጢስ ነው ማለት ነው።»

«እህ» አልኩ።

ዕቃችንን ሰብስበን፣ አቶ ዳናን ተሰናብተን ልንነሳ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀብን። መስታወቷን ወደ ቦርሳዬ ልመልስ ስል ጨርቁ ተንሸራተተና ፀሐይ ውስጧ ገባች። ዙሪያዋን ቀለበት ሠርታለች። አንድ ወር የሠራ ጀማሪ እንኳ ያውቀዋል፤ ፀሐይ ቀለበት የምትሠራው ከላይ፣ እጅግ ከፍታ ላይ፣ ስስ የበረዶ ደመና ሲጋረድባት ነው። በባዶ ዓይን ከጢሱ ጋር ተደባልቆ አይለይም። በመስታወቷ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ምህረት ከጎኔ ተቀምጣ ስለ ሐሙስ እያወራች ነበር። መስታወቷን ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ሞተር አስነሳሁ።

በሳምንቱ ማክሰኞ ወደ ክፍሏ ጠራችኝ። ላፕቶፗ ላይ የሐሙሱን ገለጻ አሳየችኝ። ዋናው ስላይድ የዚያ ቀን የሁምቦ ምስል ነው። ሳተላይቱ ከሁምቦ እስከ አባያ ያለውን ሰፊ ቦታ በግራጫ ሸፍኖታል። ከሥሩ «ሳተላይቱ ደመና ያለው፣ ከመሬት ሲታይ ግን ጢስ ብቻ የሆነ» ይላል።

ስላይዱን ሳይ የተሰማኝ ደስታ ነበር። ይቅር ይበለኝ፣ ደስታ ነበር። ዶክተሩ ዕድሜውን በዚህ የፈጀ ሰው ነው፤ ይህ ስስ ደመና መሆኑን አንድ ጊዜ አይቶ ይይዘዋል፣ በሰው ፊትም ይነግራታል ብዬ አሰብኩ።

«ለምንድነው ይህንን ቀን የመረጥሽው?» አልኳት። «አሥራ አንድ ቀን ለክተሻል።»

«ሌሎቹን ቀናት ሰማዩን ያዩት ተማሪዎች ናቸው፤ አላምናቸውም» አለች ዓይኗን ከላፕቶፑ ሳታነሳ። «ይህንን ያዩት እርስዎ ነዎት።»

ወጥቼ ቤቴ ሄድኩ። ራት አልበላም አልኩ። ወርቅነሽ ትክ ብላ አየችኝ። «ልጅቷ ዛሬ ደግሞ ምን አደረገችህ?» ብላ ቀለደች። ወርቅነሽ ከእኔ በፊት ታውቅብኛለች።

ነገሩ የገባኝ በማግስቱ ረቡዕ ነው። ዶክተሩ ስሕተቱን ካገኘ የመስክ ደብተሩን ይጠይቃል። ደብተሩ ደግሞ የእኔ ነው፤ ዜሮውም የእኔ፣ ፊርማውም የእኔ። እሷ ብቻ ሳትሆን፣ ከእሷም በፊት እኔ ስወድቅ ታየኝ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ጴጥሮስ ደመና አያውቅም ሊባል ነው።

ከምሳ በኋላ የቤተ ሙከራውን በር ዘግቼ ደብተሩን ገለጥኩ። ዜሮዋ ክብ ብላ ተቀምጣለች። ያው ሰማያዊ እስክሪብቶ ኪሴ ውስጥ ነው። ዜሮ አናቷ ላይ አንዲት ጭረት ብትወጣላት ስድስት ትሆናለች። ከስምንት ስድስት፤ ደመናማ ሰማይ። ያን ጊዜ ደብተሩ ትክክል ነው፣ ሳተላይቱም ትክክል ነው፤ የተሳሳተችው ስድስትን ዜሮ ብላ ወደ ላፕቶፗ የገለበጠችው ምህረት ብቻ ናት። የሚያምነኝ ደግሞ ይበዛል፤ እሷ ውጤት የምትፈልግ ወጣት፣ እኔ ምንም የማልፈልግ ሽማግሌ።

እስክሪብቶውን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ደግሜ ከፈትኩ። እዚህ ላይ ተውኩት ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። አልተውኩትም። ጭረቷን አወጣኋት። ጥሩ ስድስት ሆነች።

ሐሙስ ጠዋት አዳራሹ ሞልቷል። መምህራን አሉ፣ ከግብርና ቢሮ የመጡ አሉ፣ ተማሪዎች ከኋላ ቆመዋል። ዶክተሩ ከፊት ወንበር ላይ ነው። ፕሮጀክተሩ እየተስተካከለ ሳለ ምህረት እጄን ይዛ ወደ እሱ ወሰደችኝ።

«ዶክተር፣ ያልኩዎት ጋሼ ጴጥሮስ እኚህ ናቸው። ደመናን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እኛ ጋ ሳተላይቱ የሚፈተነው በእሳቸው ዓይን ነው።»

ሰውየው ከወንበሩ ተነስቶ ጨበጠኝ። «ስለ ጥቁሯ መስታወት ነግራኛለች። በኋላ ባያት ደስ ይለኛል።» ከዚያ እጄ ላይ ወዳለው ደብተር ጠቆመ። «የመስክ ደብተሩ ነው? አንዴ ልየው።»

ስንት ዓመት የጠበቅኩት ቀን ነበር። የሚያውቅ ሰው ተነስቶ ጨብጦኛል፣ ስሜ በሰው ፊት በክብር ተጠርቷል። ያስጠራችኝ ደግሞ እሷ ናት፤ በደብተሬ ስድስት ይዤባት የመጣሁት። እጄ ወደ ዶክተሩ አልዘረጋ አለኝ። ጽድቅ ነው አልላችሁም፤ ፍርሃትም ነበረበት፣ እፍረትም።

«አንድ ደቂቃ» አልኩት። «ምህረት፣ ወደ ውጪ እንውጣ።»

«አሁን? ጋሼ፣ ሊጀመር እኮ ነው።»

«አሁን።»

ኮሪደሩ ላይ ደብተሩን ገልጬ ሰጠኋት። አየችው።

«ይሄ ስድስት ነው» አለች። «እኔ የገለበጥኩት ዜሮ ነው። ተሳስቻለሁ እንዴ?»

ፊቷ አመድ መሰለ። ያሰብኩት ሁሉ እንዳሰብኩት ሆነ፤ ወዲያው የጠረጠረችው ራሷን ነው።

«አልተሳሳትሽም። ዜሮ ነበር። ስድስት ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ ትናንት።»

«ለምን?»

«ጥፋቱ ያንቺ እንዲመስል።»

አዳራሹ ውስጥ ማይክሮፎን ይፈትናሉ፤ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ደብተሩን እያየች ሌላ ነገር ጠየቀችኝ።

«ታዲያ ደመናው ስንት ነበር?»

«አላየሁም።»

«ምን ማለት ነው አላየሁም?»

«መኪና ውስጥ ተቀምጬ ነበር፤ ቀና አላልኩም። ዜሮ ያልኩሽ እንዲሁ ከአፌ ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፀሐይ ቀለበት ሠርታ በመስታወቷ አየኋት። ያንንም ደበቅኩሽ።»

አላየሁም ማለት ሌብነትን ከማመን ይከብዳል፤ ቢያንስ እንደ እኔ ዓይነት ሰው ላይ።

«ሳተላይቱ ስስ ደመና አለ ብሎኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ሦስት ጊዜ ነው ተመልሼ ያየሁት። ጋሼ ዜሮ ብለዋል ብዬ ነው፣ ሳተላይቱ ተሳስቷል ያልኩት።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ምን አድርጌዎት ነው?»

«ሾፌር አሉኝ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደረሰ። እንዴት እንደሚያንስ የታየኝ ያን ጊዜ ነው። ዋጥኩት። «ምንም አላደረግሽኝም» አልኳት።

ደብተሩን መለሰችልኝና ገባች።

ገለጻዋ መሐል ላይ ስትደርስ ዋናው ስላይድ ሊመጣ ሲል ቆም አለች። «ቀጥሎ የነበረውን ምስል አውጥቼዋለሁ» አለች። «የዚያ ሰዓት የመሬት ምልከታችን የሚታመን አይደለም። የቀሩት ቀናት ብቻቸውን ጥያቄውን አይመልሱም።» ድምፅዋ አልተሰበረም። አዳራሹ ተንጫጫ።

ዶክተሩ እጁን አወጣ። «ስሕተቱ የማን ነው? የመሣሪያው ወይስ የተመልካቹ?»

«የእኛ ነው» አለች ምህረት።

ልነሳ ነበር፤ የእኔ ነው ልል። አልተነሳሁም። ከኋላ ተቀምጬ ደብተሩን ጭኔ ላይ ተጭኜ ያዝኩት። እውነቱን ልንገራችሁ አይደል? ያን ጊዜም ቀናሁባት። እንዲህ ባለ ሰዓት እንዲህ መቆም እኔ ብሞት አልችልበትም።

ዶክተሩ በትሕትና ተሰናብቶ ሄደ። መስታወቷን ልያት አላለም። መለኪያው ሌላ ከተማ ተተከለ። ምህረት ያን ዓመት ያሰበችው ትምህርት ቀረባት። ለማንም አልተናገረችም፤ እኔንም አልከሰሰችኝም። «ጋሼ» ማለቷንም አልተወችም፤ ድምፁ ላይ የነበረው ነገር ግን ጠፍቷል፤ የጠፋውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ቅናት ሰው ስትጎዱ ብቻ የሚያስጠይቅ ይመስላችሁ ይሆናል። እኔን የቀማኝ ከዚያ በፊት ነው። የምኮራባት አንዲት ነገር ዓይኔ ነበረች፤ ማንም ሳይነካኝ፣ በገዛ እጄ፣ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ጣልኳት። የምትቀኑበት ሰው ካለ፣ ስለ እሱ ስታስቡ የራሳችሁን ሥራ ማን እየሠራላችሁ እንደሆነ ዞር ብላችሁ እዩ። ይህን በስሜ የምጽፈውም ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ መነሳት ስላቃተኝ ነው።

ዘንድሮ የካቲት ምህረት እንደገና ሁምቦ ልትለካ ተነሳች። «ጋሼ፣ ይምጡ» አለችኝ፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም። አቶ ዳና ቦዬውን አቀረበ፣ ዶክተር ወንበር ላይ ይቀመጥ አለ፤ ወደ እኔም ዞረ።

«ሾፌሩም ይብላ እንጂ።»

ምህረት ቀና ብላ አየችኝ። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ያን ቀን በአጥሩ በኩል ስልክ ስታወራ ያልሰማችውን አሁን ሰማች።

«ሾፌር አይደሉም» አለችው፤ በወላይትኛ ነበር ያለችው። «እኔን ያስተማሩኝ ናቸው።»

አቶ ዳና ደንግጦ ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ። በላሁ። ሰባት ተኩል ሲቃረብ ምህረት ከፒክአፑ ዕቃዎቹን አወጣች። እንደ ልማዴ ቦርሳዬን ከፍቼ መስታወቷን ላወጣ ስል መጥታ ፊቴ ቆመች። የፀሐይ መለኪያውን እጄ ላይ አስቀመጠች። ሌላ እጇን ዘረጋች።

መስታወቷን ከነጨርቋ ሰጠኋት።

ግቢው መሐል ቆሜ መለኪያውን ፀሐይ ላይ አነጣጠርኩ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ ከዚያ ጨለመብኝ። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ መለኪያ የያዘ ሰው ስለ ሰማዩ አይፈርድም። ከኋላዬ አጎንብሳ መስታወቴን በሁለት እጇ ይዛ ስታይ እግሯ ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል።

«ደረሰ» አልኩ። «ደመና ስንት ነው?»

ዞራ፣ ደግማ አየች።

«ሁለት» አለች።

ሁለት ብዬ ጻፍኩ።